ከተመልካች ወንበር እስከ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፦ በሰርከስ እንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔና የወጣቶች ተቃውሞ

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በተጓዥ ሰርከሶች ውስጥ በዱር እንስሳት ላይ የሚደርሰውን ጭካኔ ምንነትና ጭካኔው የተገታባቸውን መንገዶች ይመረምራል። ለምርመራው የተመረጡት በዋናነት የአሜሪካ፣ የብሪታንያ፣ የቦሊቪያ፣ የሜክሲኮና የዴንማርክ ተሞክሮዎች ናቸው። የጽሑፉ መከራከሪያ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጭካኔው ከአንድ ክፉ አሠልጣኝ ጠባይ ይልቅ ከተጓዥ ትዕይንቱ አደረጃጀት ይመነጫል። ሁለተኛ፣ ተቃውሞ ዘላቂ ውጤት የሚያመጣው የተመልካች መታቀብ፣ የታመነ ማስረጃ፣ ተፈጻሚ ሕግና ለእንስሳቱ የተዘጋጀ ማረፊያ ሲደጋገፉ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የተከተለው ኪሣራ ዛሬ ተቃውሞ ለሚያነሡ ወጣቶች ትምህርት እንደሚሆን በየምሳሌው ይታያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

ዘመናዊው ሰርከስ የተጀመረው ፊሊፕ አስትሊ የተባለ የቀድሞ ፈረሰኛ ወታደር በ1768 በለንደን የፈረስ ግልቢያ ትርኢት ማሳየት በጀመረ ጊዜ ነው። የሰርከስ መለያ ሆኖ የቆየው፣ ከዳር እስከ ዳር 13 ሜትር ያህል የሚለካው ክብ መድረክም የተለካው ለሚጋልብ ፈረስና በፈረሱ ጀርባ ላይ ቆሞ ለሚታይ ሰው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ከአፍሪካና ከእስያ ዝሆን፣ አንበሳና ነብር እያስመጡ በዚያው ክብ ውስጥ ማሳየት ጀመሩ። በተፈጥሮው በቤተሰብ መንጋ እየኖረ ረጅም ርቀት የሚጓዘው ዝሆን ለፈረስ በተለካ መድረክ ላይ በሁለት እግሩ እንዲቆም ተደረገ።

ለዚህ የሚቀርበው ተቃውሞ አዲስ አይደለም። በብሪታንያ የትርኢት እንስሳትን ለመከላከል የቆመ ማኅበር በ1914 ተመሥርቷል። የአገሪቱ ፓርላማም ጉዳዩን በኮሚቴ ካስመረመረ በኋላ በ1925 ሕግ አውጥቷል፤ ሕጉ ግን አሠልጣኞችና አሳዪዎች እንዲመዘገቡና እንዲጎበኙ ከማድረግ ብዙም አላለፈም። የዱርም ሆነ የቤት እንስሳ በሰርከስ እንዳይታይ በአገር አቀፍ ደረጃ በመከልከል የመጀመሪያዋ ቦሊቪያ ናት፤ ይህም የሆነው በ2009 ነው። በሁለቱ ክስተቶች መካከል አንድ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አለ። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ ሰዎች ለምን አልተቃወሙም የሚል ሊሆን አይችልም። መጠየቅ ያለበት ተቃውሞው ይህን ያህል ዘመን ለምን ሳይሠምር ቀረ፣ በኋላስ ምን አግኝቶ ሠመረ የሚለው ነው።

2. የጭካኔው ምንጭ

በሰርከስ ውስጥ ስላለ ጭካኔ ሲነገር በቅድሚያ የሚታሰበው ድብደባ ነው። ድብደባው በእርግጥ አለ። ዝሆን ለመግራት የተለመደው መሣሪያ ጫፉ ላይ የሾለና የተቆለመመ ብረት ያለበት በትር ሲሆን፣ የሚያርፈውም ቆዳው ስስ በሆነበት በጆሮው ኋላና በአገጩ ሥር ነው። የታዋቂው የአሜሪካ ሰርከስ የሪንግሊንግ ብራዘርስ ባለቤት ኩባንያ ኃላፊ፣ አሠልጣኞቻቸው ዝሆኖቹን በዚህ በትር እንደሚነኩ በ2009 ለፍርድ ቤት በሰጡት ቃል አልካዱም፤ መከላከያቸው ይህ ለአያያዝ አስፈላጊ ነው የሚል ነበር።

ነገር ግን በትሩ ቢወገድ እንኳ የማይወገድ ነገር አለ። በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተዘጋጅቶ በ2009 የታተመ ጥናት በሰርከስ ያሉ የዱር እንስሳት በመድረክና በሥልጠና የሚያሳልፉት ጊዜ ከቀኑ ከ1 እስከ 9 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አመልክቷል። የቀረው ጊዜ በአመዛኙ በጠባብ ፍርግርግ፣ በሰንሰለት ወይም በጭነት መኪና ላይ የሚያልፍ ነው። ጥናቱ እንደሚለው የሰርከስ ማቆያዎች ለአራዊት መጠበቂያዎች ከተደነገገው ዝቅተኛ መጠን በእጅጉ ያንሳሉ፤ በመንጋ የሚኖሩት ለብቻቸው፣ ለብቻቸው መኖር የሚሹት ደግሞ ተጎራብተው ይቀመጣሉ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ በሰርከስ በብዛት የሚታዩት የዱር እንስሳት ለሰርከስ ሕይወት እጅግ የማይስማሙ ናቸው የሚል ነው። ራሱን ያለማቋረጥ የሚወዘውዝ ዝሆንና በአንድ መስመር ሲመላለስ የሚውል ነብር የዚህ ኑሮ ምልክቶች ናቸው።

ጭካኔው ከጉዞው፣ ከጥበቱና ከብቸኝነቱ የሚመነጭ ከሆነ ደግ አሠልጣኝ መቅጠር አያስቀረውም። በሳምንት ውስጥ ከከተማ ከተማ የሚዘዋወር ድርጅት ለዝሆን የሚበቃ ሜዳ ይዞ ሊጓዝ አይችልም። ሥርዓቱ ራሱ የእንስሳውን ፍላጎት ከመድረኩ ፍላጎት በታች ያደርገዋል።

ተመልካች ይህን እንዳያይ የሚያደርገው ደግሞ የትዕይንቱ ባሕርይ ነው፤ በትኬት የሚታየው የቀኑ ትንሹ ክፍል ብቻ ነውና። በብሪታንያ የመጨረሻዋ የሰርከስ ዝሆን ትባል የነበረችው አን በ2011 በክረምት ማቆያዋ በሰንሰለት ታስራ ስትደበደብ የታየችው በድብቅ በተተከለ ካሜራ ነው። አን በዕድሜ የገፋችና የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባት ነበረች። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ወደ ሎንግሊት የአራዊት መጠበቂያ ተዛውራለች፤ ባለቤቷም በ2012 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሆኖ በገደብ ተለቋል።

የሥርዓቱ አደጋ ወደ ሰውም ይደርሳል። ታይክ የምትባለው ዝሆን በነሐሴ 1994 በሆኖሉሉ ከተማ በትዕይንት መካከል አሠልጣኟን ገድላ ወደ ጎዳና ወጥታለች፤ ፖሊሶች በተደጋጋሚ ተኩሰው በአደባባይ ገድለዋታል። ትዕይንቱን ለማየት የመጡ ሕፃናት ያዩት ይህንን ነበር።

3. ከተመልካችነት መታቀብ

ወጣቶችን በእንስሳት ጉዳይ ማደራጀት ረጅም ታሪክ አለው። በ1875 በብሪታንያ የተጀመሩት የምሕረት ማኅበራት ልጆችን በየትምህርት ቤቱ አሰባስበው ለፍጥረት ሁሉ ርኅራኄ ለማድረግ ቃል ያስገቡ ነበር፤ በ1882ም ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል። ለሰርከስ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ1918 በማሳቹሴትስ የእንስሳት ጭካኔ መከላከያ ማኅበር የተቋቋመው የጃክ ለንደን ክበብ ነው። ደራሲው ጃክ ለንደን ከሞተ በኋላ በ1917 በታተመ ስለ ትርኢት ውሾች በሚተርክ ልቦለዱ መቅድም፣ አንባቢዎች የእንስሳት ትርኢት ሲጀመር ከአዳራሹ እንዲወጡ ጠይቆ ነበር። ክበቡ ይህን ሐሳብ ወደ ተግባር ለወጠው። የአባልነት መዋጮ አልነበረውም፤ ከአባል የሚጠየቀው የእንስሳት ትርኢት በሚቀርብበት ጊዜ መቀመጫውን ለቆ ለመውጣት ቃል መግባት ብቻ ነበር።

የክበቡ አባላት በመቶ ሺዎች ተቆጠሩ። ሪንግሊንግም በ1925 የአንበሳና የነብር ትርኢቶችን ከዝግጅቱ አወጣ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በዚህ ታሪክ ተገልብጦ የአንበሳን እስራት ለመፍታት የዋለ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ትርኢቶቹ ተመለሱ። በሕግ ያልታሰረ የንግድ ውሳኔ ገበያው ሲለወጥ አብሮ ይለወጣልና። መታቀብ ለማንም ወጣት ያለ ገንዘብና ያለ ሥልጣን የሚቻል የመጀመሪያ ርምጃ ነው፤ ብቻውን ግን ያገኘውን ይዞ ለመቆየት አልበቃም።

4. ማስረጃና የማስረጃ ፈተና

ሁለተኛው መሣሪያ ማስረጃ ነው። በዚህ ረገድ የብሪታንያ ክርክር ለተመራማሪዎች በተለይ ጠቃሚ ነው። መንግሥት ያቋቋመውና በሕግ ምሁሩ በማይክ ራድፎርድ የተመራው የሥራ ቡድን በ2007 ባቀረበው ዘገባ፣ በተጓዥ ሰርከስ ያሉ እንስሳት ደኅንነት በሌላ የምርኮ ኑሮ ካሉት የተሻለ ወይም የከፋ ለመሆኑ በቂ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ከላይ የተጠቀሰው ጥናት ግን የተለየ ሚዛን ይዞ መጣ። በመሆኑም እንግሊዝ መጀመሪያ የፈቃድ ሥርዓት ዘረጋች፤ በ2019 ያወጣችው የክልከላ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2020 ነው።

ከዚህ ክርክር የሚወጣው ትምህርት ማስረጃው የሚመልሰውን ጥያቄ ከማይመልሰው መለየት እንደሚገባ ነው። ሥቃይ በመለኪያ ሊታይ ይችላል፤ አንድ የዱር እንስሳ ለመዝናኛ ሲባል እንዲህ መያዝ ይገባዋል ወይ የሚለው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ስኮትላንድ በ2017 መጨረሻ ሕጓን ስታጸድቅ መሠረት ያደረገችው በግልጽ ይህንኑ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። ሁለቱን ያቀላቀለ ተከራካሪ፣ ማስረጃ አልተሟላም የሚል መልስ በቀረበለት ቁጥር ሙግቱን ያጣል።

ማስረጃ የሚገኝበት መንገድም ከማስረጃው ባልተናነሰ ይመዘናል። በ2000 በአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች ከአንድ የቀድሞ የሰርከስ ሠራተኛ ጋር ሆነው በሪንግሊንግ ባለቤት ላይ ክስ መሠረቱ። ዘጠኝ ዓመት ከፈጀ ሙግት በኋላ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ ያደረገው በሰንሰለቱና በበትሩ ላይ ፍርድ ሰጥቶ አልነበረም። ሠራተኛው ከድርጅቶቹ ቢያንስ 190,000 ዶላር ተቀብሎ ስለነበር ቃሉ አልታመነም፤ ከሳሾቹም ክስ ለማቅረብ የሚያበቃ መብት የላቸውም ተባለ። ከዚያ በኋላ ከሳሾቹ በ2012 9.3 ሚሊዮን፣ በ2014 ደግሞ 15.75 ሚሊዮን ዶላር ለኩባንያው ለመክፈል ተገደዱ። በአንጻሩ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በራሱ የቁጥጥር ሥርዓት ሄዶ ኩባንያው በ2011 270,000 ዶላር እንዲከፍል አድርጓል፤ ኩባንያው ገንዘቡን የከፈለው ጥፋት አለማመኑን ገልጾ ነው። ምስክርን በገንዘብ መደገፍ ለተነሣው ዓላማ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

5. ሕግና ማረፊያ

ሪንግሊንግን በመጨረሻ የረታው ትልቁ ክስ ሳይሆን የትንንሽ ሕጎች መብዛት ነው። ሎስ አንጀለስና ኦክላንድን የመሰሉ ከተሞች የዝሆን መንጠቆን በየራሳቸው ደንብ ከለከሉ። ኩባንያው በ2015 ዝሆኖቹን እንደሚያሰናብት ሲያስታውቅ፣ በየከተማው የተለያየ ሕግ እየተዋጉ መዞር አዋጪ አለመሆኑን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። ዝሆኖቹ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት በግንቦት 2016 ነው። ዝሆኖቹ ከቀሩ በኋላ የትኬት ሽያጭ ወረደ፤ ሰርከሱም በግንቦት 2017 ተዘጋ። ይህ ደግሞ ለተቃዋሚዎች የማይመች እውነት ነው፤ ብዙ ተመልካች አሁንም ዝሆን ለማየት ይከፍል ነበር። ሕግ ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕግ መውጣቱ ግን እንስሳቱን ወዲያውኑ ከፍርግርግ አያወጣቸውም። የቦሊቪያ ሕግ ለሰርከሶች የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ጊዜው ካለፈ በኋላ እንስሳቱን ያላስረከቡ ሰርከሶች ስለነበሩ ባለሥልጣናት ከአንድ ዓለም አቀፍ የእንስሳት መብት ድርጅት ጋር እየዞሩ መውረስ ነበረባቸው። በየካቲት 2011 ሃያ አምስት አንበሶች በአውሮፕላን ተጭነው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ወደሚገኝ ሰፊ መጠለያ ተወሰዱ። አዋጁ ትርጉም ያገኘው መውረስ፣ ማጓጓዝና ማስጠለል ስለተከተሉት ነው።

በሜክሲኮ የታየው ሌላ ነው። አገሪቱ በሐምሌ 2015 ክልከላውን ሥራ ላይ ስታውል የሰርከስ ባለቤቶች የእንስሳቶቻቸውን ዝርዝር እንዲያስረክቡ አዘዘች፤ ለእንስሳቱ የሚበቃ ማረፊያ ግን አስቀድሞ አልተዘጋጀም። መመገብ ያቃታቸው ባለቤቶች እንስሳቱን ሸጡ፣ ሰጡ፤ የብዙዎቹ መጨረሻም እስከ ዛሬ የሚያከራክር ሆኖ ቀረ። ለእንስሳት የወጣ ሕግ እንስሳቱን ያለ ጠባቂ ሊያስቀር እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ዴንማርክ ሌላ አማራጭ ተከተለች። በ2019 መንግሥት በአገሪቱ የቀሩትን አራት የሰርከስ ዝሆኖች በ11 ሚሊዮን ክሮነር ገዝቶ ማረፊያ እንዲፈለግላቸው አደረገ። ራምቦሊን የተባለችው ዝሆን ዓሊ ከሚባል ግመል ጋር ተላምዳ ስለነበር ግመሉም አብሮ ተገዛ። የክልከላውን ዋጋ ባለቤቱ ብቻውን እንዳይሸከም ማድረግ ተቃውሞውን እንደሚያለዝብ፣ የእንስሳውንም ቀጣይ ኑሮ እንደሚያስጠብቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል። የገንዘቡ ሸክም የሚቀለው ደግሞ እንስሳቱ ጥቂት ሳሉ ነው፤ በእንግሊዝ ሕጉ ሥራ ላይ ሲውል በሁለት ሰርከሶች የቀሩት የዱር እንስሳት 19 ብቻ ነበሩ።

6. እንስሳ የሌለበት ሰርከስ

የእንስሳት ትርኢት ይቅር ሲባል ሰርከስ ራሱ ይጠፋል የሚል ስጋት ይነሣል። የኢትዮጵያ ልምድ ለዚህ ስጋት የሚሰጠው መልስ አለው። በ1991 በአዲስ አበባ የተጀመረው ሰርከስ ኢትዮጵያ፣ ቀጥሎም በ1998 የተመሠረተው ሰርከስ ደብረ ብርሃንና በ2004 የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ የቆሙት በወጣቶች የአካል ብቃት፣ በሙዚቃ፣ በውዝዋዜና በቲያትር ላይ ነው። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ወጣት ሰርከስ ሲባል የሚታሰበው ተገልባጩ፣ ሚዛን ጠባቂውና ኳስ ቀላቢው ሰው ነው። በሌላ አገር በብዙ ክርክር የተደረሰበት የሰርከስ ዓይነት በዚህ አገር የመነሻ መልክ ሆኖ ተገኝቷል። ሪንግሊንግም በ2023 ሲመለስ ያለ አንዳች እንስሳ ነው።

ይህ ግን ጉዳዩ ኢትዮጵያውያንን አይመለከትም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያውያን የሰርከስ ባለሙያዎች በውጭ አገር ሰርከሶች በውል ይሠራሉ፤ እንስሳት በሚታዩበት ድርጅት ለመሥራት መስማማት ወይም አለመስማማት የሚወስኑትም ራሳቸው ናቸው። ከመድረኩ በስተጀርባ ያለውን ከማንም በላይ የሚያዩት እነርሱ በመሆናቸው ቃላቸው ትልቅ ክብደት አለው።

7. ለወጣቶች ተቃውሞ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከተመረመሩት ተሞክሮዎች የሚከተሉት ተግባራዊ ነጥቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ መታቀብ የሚነገር ይሁን። ትኬት ሳይገዙ መቅረት ለአዘጋጁ ምክንያቱን አይነግረውም። ትኬት ከመግዛት በፊት እንስሳ ይታይ እንደሆነ መጠየቅና ምክንያትን በጽሑፍ ማስታወቅ መታቀቡን ወደ መልእክት ይለውጠዋል።

ሁለተኛ፣ ምዝገባ ከስሜት ይቅደም። አንድ እንስሳ ስንት ሰዓት እንደታሰረ፣ የማቆያው ስፋት ምን ያህል እንደሆነ፣ ውኃና ጥላ መኖር አለመኖሩን፣ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ስንት ጊዜ እንደታየ ከቀንና ከቦታ ጋር መዝግቦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማቅረብ ከብዙ ቁጣ ይበልጣል። ምዝገባው ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ስፍራ ይሁን፤ ለምስክር ገንዘብ አይከፈል።

ሦስተኛ፣ በቅርብ ካለው የሕግ አውጪ መጀመር ይሻላል። የከተማ ምክር ቤት ደንብ ከአገር አቀፍ አዋጅ ቀድሞ ሊደረስበት የሚችል ነው፤ ሲበዛም ከአዋጅ ያላነሰ ኃይል ያገኛል።

አራተኛ፣ ክልከላ የሚጠይቅ ሰነድ ሁሉ የእንስሳቱን ቁጥር፣ የሚሄዱበትን ስፍራ፣ የሚያስፈልገውን ወጪና የጊዜ ሰሌዳ ይያዝ። የተንከባካቢዎቹና የአሠልጣኞቹ እንጀራም በሰነዱ ውስጥ ቦታ ይኑረው።

አምስተኛ፣ ተቃውሞው አማራጭ ይዞ ይቅረብ። ልጆቹን ሰርከስ ለማሳየት የሚፈልግ ወላጅ አትሂድ ከመባል ይልቅ ወዴት እንደሚሄድ ቢነገረው ለመስማማት ይቀርባል።

8. መደምደሚያ

በሰርከስ እንስሳት ላይ የሚፈጸመው ጭካኔ ለረጅም ዘመን የቆየው ርኅሩኅ ሰው ስለጠፋ አይደለም። መቶ ሺዎች ከአዳራሽ ወጥተዋል፣ ፓርላማ መርምሯል፣ ጋዜጣ ጽፏል። የጎደለው እነዚህን የሚያያይዝ ሥራ ነበር፤ መታቀቡ በሕግ አልጸናም፣ ክሱ በንጹሕ ምስክር አልቆመም፣ ሕጉም አንዳንድ ጊዜ ማረፊያ ሳያዘጋጅ ወጣ። አራቱ ሲገናኙ ግን ለውጡ በጥቂት ዓመታት ታይቷል። አሁንም ፈረንሳይ በ2021 ያወጣችው ሕግ በተጓዥ ሰርከሶች ላይ የጣለው ክልከላ በ2028 መጨረሻ ተፈጻሚ እንዲሆን ቀጠሮ ተይዞለታል። እስከዚያ ድረስ ለእንስሳቱ የሚሆን ስፍራ ይዘጋጅ አይዘጋጅ እንደሆነ መከታተል ለዘርፉ ተመራማሪዎችም ሆነ ለወጣት ተቃዋሚዎች በቅርብ ያለ ሥራ ነው።